ከስጦታው ጋር የሚገባው

መገናኛ ላይ፣ የሲኤምሲና የአያት ታክሲዎች ከሚጭኑበት ጥግ፣ ጠዋት ጠዋት ከረዳቶቹ ጩኸት በላይ የሚሰማ የተቀዳ ድምፅ አለ፤ «የአይጥ! የትኋን! የበረሮ! የቁንጫ!» ድምፅ ማጉያውን በትከሻው ያንጠለጠለው ወጣት ራሱ አይናገርም፤ ስልኩን እየነካካ ቆሟል። ከፊቱ በተነጠፈው ላስቲክ ላይ ስያሜ የሌላቸው ብልቃጦች፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄትና ሮዝ ቀለም የተነከሩ የእህል ፍሬዎች ተደርድረዋል። ገዢ አያጣም። ከገዢዎቹ መካከል የተቋም ሰዎች እንዳሉ የተረዳሁት ከጎሮ ወዲያ ያለ የአንድ አነስተኛ የአረጋውያን መኖሪያን ግምጃ ቤት ስጎበኝ ነው። ከመደርደሪያው ጥግ ያንኑ ብልቃጥ አየሁት፤ ባዶውን።

«ይሄ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የገዛው ነው» አሉኝ የግቢው ኃላፊ፣ በእጃቸው ሳይነኩት። «ሦስት ጊዜ አስረጭቷል። ሦስቴም ተመልሰዋል።»

ሠራተኞቹ እትዬ ይሏቸዋል፤ እኔም ስማቸውን ትቼ እንደዚያው እላለሁ። በግቢው 30 የሚሆኑ አረጋውያን ይኖራሉ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ከአልጋ የማይነሱ ናቸው። እትዬ በብልቃጡ ምትክ የያዙት አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ነው። በአንድ ወገን በበሩ የገባው ዕቃ ሁሉ ከነቀኑ ይጻፋል፤ በሌላው ወገን የወጣው ቆሻሻ ከነሰዓቱ። ስለ ተባይ ብዙ ባለሙያ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ነገሩን እንደዚህ ደብተር ያስረዳኝ ግን የለም። ተባይ ከሰማይ አይወርድም፤ ከአንድ ነገር ጋር ይገባል፣ ሳይወጣ በቆየ ነገር ላይ ይራባል። መርዝ ሁለቱንም አይነካቸውም።

የከተማዋ ምሥራቅ፣ ከቦሌ ጀምሮ በገርጂ፣ በጎሮ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት፣ ሰው የሚታከምባቸውና የሚጦርባቸው ተቋማት የተሰበሰቡበት አቅጣጫ ነው። ገርጂ ላይ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው ሚዩንግሰንግ አለ፤ ወደ ኮተቤ ሲወጡ የካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ አያት ላይ መቄዶንያ። በመካከላቸው ታፔላቸው የማይታይ፣ የመኖሪያ ቤት በር ያላቸው የአረጋውያን፣ የአእምሮ ሕሙማንና የሕፃናት ማሳደጊያ ግቢዎች አሉ። ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በ2013 ዓ.ም. የተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኙትም ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራዩት ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቪላ ነው። የፍሳሽ ጉድጓዱ ለስድስት ሰው የተቆፈረ ነው፤ ማድ ቤቱም፣ የውኃ ታንከሩም እንደዚያው። የቆሻሻ ማስቀመጫ የሚባል ቦታ በፕላኑ ላይ ጨርሶ የለም። 30 ሰው ሲገባበት ቆሻሻው ጓሮ፣ ከማድ ቤቱ መስኮት ሥር ይከማቻል። አይጠ መጎጥ ከዚያ የተሻለ ቤት አይመኝም።

መቄዶንያ ሌላ መጠን ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው ማዕከል ዛሬ ከነቅርንጫፎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዳ፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መሪ ቃሉ ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ተቋም ሆኗል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በዶንኪ ቲዩብ በቀጥታ የተላለፈው የገቢ ማሰባሰቢያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሲያስገኝ ሕዝቡ ሕንፃውን አይቷል፣ አልጋውን አይቷል። እኔ ግን ስመለከት ሌላ ስሌት ነበር የያዘኝ። በአዲስ አበባ አንድ ሰው በቀን የሚያወጣው ደረቅ ቆሻሻ በግምት 0.4 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ግቢ ቢኖር በቀን 400 ኪሎ ማለት ነው፤ ዳይፐሩ ሳይቆጠር። የአዋቂ ዳይፐር ሲሞላ ከግማሽ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ከአልጋ የማይነሳ ሰው በቀን ሦስትና አራት ይፈልጋል። ለጋሽ ዳይፐር ይዞ ሲመጣ ፎቶ ይነሣል። ያንኑ ዳይፐር ከሦስት ቀን በኋላ ተሸክሞ የሚያወጣውን ፎቶ የሚያነሣው የለም።

ስጦታ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ልበል። የእኛ አገር የእንክብካቤ ተቋም የሚኖረው በስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ በየቀኑ በልኩ አይመጣም፤ በአንድ ቀን ተጠራቅሞ ይመጣል። የሠርግ ትራፊ፣ የተዝካር እንጀራ፣ የልደት ኬክ። እትዬ እንደነገሩኝ አንድ ቤተሰብ የልጁን ልደት ከአረጋውያን ጋር ሊያከብር ክሬም የተቀባ ትልቅ ኬክ ይዞ መጣ፤ ቀኑ ዓርብ ነበር። እናቶቹ መረቁ፣ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። ልጆቹ ጥቂት ቀመሱና ሄዱ። ኬኩ ማድ ቤት አደረ፣ በማግሥቱ ጠዋት ካርቶኑ ሥር በረሮ ተገኘ።

ካርቶኑ ዋና ተጠርጣሪ ነው። በማድ ቤቶቻችን የሚራባው ቡናማው ትንሽ በረሮ በእግሩ ሩቅ አይሄድም፤ በዕቃ ተጭኖ ነው የሚጓዘው፤ በእንቁላል ትሪ፣ በለስላሳ ሳጥን፣ በካርቶን እጥፋት ውስጥ። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ከኋላዋ ተሸክማ ትዞራለች፤ ሊፈለፈል ሲል ትጥለዋለች። ፍሊት የረጨ ሰው ያን ምሽት የሞቱትን ጠርጎ ደስ ይለዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያሉትን መርዙ አላገኛቸውም፤ ከሳምንታት በኋላ ቤቱ እንደገና ይሞላል። «ሦስቴ ተመለሱ» የሚለው የእትዬ ታሪክ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ አልተመለሱም፣ መጀመሪያውኑ አልሄዱም። አሁን በዚያ ግቢ ካርቶን ከበሩ አያልፍም። ዕቃው በራፍ ላይ ወደ ራሳቸው ቅርጫት ይገለበጣል፤ ካርቶኑን በዚያው ቀን ቆራሌው ይወስደዋል።

የልብሱ ነገር ከዚህ ይከፋል። በየበዓሉ በማዳበሪያ የሚመጣው አሮጌ ልብስና አንሶላ ከልብ የተሰጠ ነው፤ ግን ከየቤቱ የየቤቱን ይዞ ይመጣል። የእከክ ነፍሳት ዓይን የማያያት ናት፤ ከሰው ገላ ከተለየች ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አትቆይም። የልብስ ቅማል ሰው ካጣ በሳምንት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ለሁለቱ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ከመኝታ ክፍል ርቆ አሥር ቀን ይቀመጥ፣ ከዚያ ይታጠብ። ቅማል ደግሞ ማሳከክ ብቻ አይደለም። ተስቦንና ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፤ ኢትዮጵያም ግርሻ እስከ ዛሬ ካልለቀቃቸው ጥቂት የዓለም አገሮች አንዷ ናት፣ በተለይ ሰው ተጨናንቆ በሚተኛበት ስፍራ። እከክም ቀላል አይደለም። ከ2007 እስከ 2008 ዓ.ም. የነበረው ድርቅ አማራ ክልልን ሲመታ ውኃ ከጠፋበት መንደር ወደ መንደር ተዛምቶ በዘመቻ አይቨርሜክቲን እስከ ማደል አድርሷል። በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ያለው ክፋቱ መዘግየቱ ነው። መጀመሪያ የተያዘ ሰው ማሳከክ እስኪጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ተንከባካቢዋ አሥር ሰው አገላብጣለች። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አባት ደግሞ ቢያሳክካቸውም አይናገሩም፤ ሌሊት ይጮኻሉ፣ «ዛሬ ብሶባቸዋል» ይባልና የእንቅልፍ ክኒን ይሰጣቸዋል።

ትኋን ግን አሥር ቀን አይገድለውም። ሳይመገብ ወራት ይቆያል፤ አንዳንዱ የሰፈር ፍሊትንም ለምዶታል። የሚያሸንፈው ሙቀት ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ አንሶላውን ያጸዳል፤ የፍራሹን ስፌትና የብረት አልጋውን መገጣጠሚያ ደግሞ በፈላ ውኃ ወይም በእንፋሎት ሥፍራ በሥፍራ መሄድ ያስፈልጋል። እናቶቻችን ፍራሽ ፀሐይ ላይ የሚያወጡት በከንቱ አልነበረም፤ ሆኖም የአዲስ አበባ ፀሐይ የፍራሹን ልብ አያሞቀውም፣ ትኋኑም ወደ ጥላው ወገን ይዞራል። የተበላሸ ፍራሽ መውጣት አለበት። ሲወጣም ሳይቀደድ ከወጣ ቆራሌው ይወስደዋል፣ ጨርቁ ይቀየርና ይሸጣል፣ ርካሽ ፍራሽ የሚፈልግ ሌላ ድሃ ቤት ወይም ሌላ ተቋም ይገዛዋል። እትዬ ፍራሽ ሲያስወግዱ በቢላ መሐል ለመሐል ያስተረትሩታል። ጥበቃው መጀመሪያ ቀን አዝኖ ነበር አሉኝ፤ «እትዬ፣ ለሰው አይሰጥም?» ብሎ።

እዚህ ድረስ የሚገባውን ነው ያየነው። የሚወጣው የራሱ ጣጣ አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሞቃት አየር ላላቸው አገሮች ያወጣው መመሪያ ተላላፊ የሕክምና ቆሻሻ ቀዝቃዛ ቦታ ከሌለ በሞቃቱ ወቅት ከ24 ሰዓት፣ በቀዝቃዛው ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይላል። የወጥ ቤቱ ቆሻሻ እንዲህ ያለ ጥብቅ ሰዓት ባይቆረጥለትም የራሱ ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ ዝንብ። የቤት ዝንብ እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ በሙቀት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አዲስ ዝንብ ይበርራል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለችው ከተማችን በብርዷ ይህን ታዘገየዋለች፤ የሚበሰብስ ቆሻሻ ግን የራሱን ሙቀት ይፈጥራልና በገንዳ ውስጥ የአዲስ አበባ ብርድ የለም። ቆሻሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተነሣ ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ይሄዳል። በሳምንት አንዴ ከሆነ ያጠራጥራል። ሁለት ሳምንት ከዘለለ ግቢው ዝንብ አርቢ ሆኗል።

በዚህ ከተማ ቆሻሻን ከየበሩ የሚያነሡት የጽዳት ማኅበራት ናቸው፤ በማዳበሪያ ይሰበስባሉ፣ በጋሪ ወደ ገንዳ ወይም መኪና ወደሚቆምበት ቦታ ይወስዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የመኪናው ፋንታ ነው። ክፍያቸው በሰበሰቡት መጠን ነው፤ ለአገልግሎቱ ነዋሪው የሚከፍለው ከውኃ ፍጆታ ሒሳቡ ጋር ተደምሮ ይቆረጣል። ሥርዓቱ በጥቅሉ መጥፎ አይደለም። ግን 30 ሰው የሚኖርበት ቪላ በመዝገብ አንድ ቤት ነው፤ የአንድ ቤት ውኃ ሒሳብ፣ የአንድ ቤት ተራ። እትዬ መጀመሪያ ያደረጉት ከሠፈሩ ማኅበር ልጆች ጋር ቡና መጠጣት ነው። ቀን ተስማሙ፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ቆሻሻው የሚወጣው ጋሪው ሲደርስ ብቻ ነው፤ ሌሊት በር ላይ አያድርም። ከየካ ተራራና ከኮተቤ ጥግ የሚወርዱት ጅቦች የምሥራቁን ሠፈር መንገድ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጅቡ ማዳበሪያውን ይቀድዳል፣ ውሻው ይበትናል፣ አይጡ ይሰበስባል።

የመኪናው መንገድ ደግሞ ረጅም ነው። ከአያት የተነሣ ቆሻሻ ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ አቋርጦ ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ ወደሚለው ቦታ ነው የሚሄደው። እንዲህ መሆን አልነበረበትም። በዚሁ በምሥራቁ በር፣ ሰንዳፋ ላይ፣ በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ገንዘብ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። ገበሬዎቹ ሽታው፣ የውኃቸው መበከልና የከብቶቻቸው ነገር አንገሸገሻቸው፤ ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበው የረጲ ፋብሪካ እዚያው ተመረቀ። ይህን ሁሉ የማነሣው ለታሪክ ብዬ አይደለም። በቆሼ ላይ በእጃቸው እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ከጎሮ ጓሮ በጥቁር ከረጢት የወጣች አንዲት የኢንሱሊን መርፌ ማረፊያዋ የእነርሱ መዳፍ ነው።

ስለዚህ መለየት። ጤና ሚኒስቴር ከ2007 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ካሽ በሚል ስም ባስፋፋው የንጹሕ የሕክምና ተቋማት ንቅናቄ የሆስፒታል ሰው ሁሉ ያወቀው ነገር ቀላል ነው፤ ጥቁር ለተራው ቆሻሻ፣ ቢጫ ለተላላፊው፣ ለስለታማው ሴፍቲ ቦክስ። የሕክምና ተቋም ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ተራ ቆሻሻ ነው፤ አደገኛው 15 በመቶ ብቻ ነው። ካልተለየ ግን ሁሉም አደገኛ ይሆናል። ይህን ቦሌ በዓይኗ አይታዋለች፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ከወራት በኋላ፣ ለኤግዚቢሽንና ለኮንሰርት የተሠራው ሚሊኒየም አዳራሽ ከ1,000 በላይ አልጋ የሚይዝ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ጓንቱ፣ ጋውኑ፣ የምሳ ዕቃው፣ ታማሚ የነካው ሁሉ በተላላፊነት ይታይ ነበር።

የአረጋውያን መኖሪያ ሆስፒታል አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚመዘገቡትም በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ነው። ግን የስኳር መርፌ አለ፣ የቁስል ፋሻ አለ፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው ዳይፐር አለ። አምስት ሊትር የሚይዘው ካርቶን ሴፍቲ ቦክስ ወደ መቶ ሲሪንጅ ያህል ይቀበላል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። መርፌው ክዳኑ ተመልሶ አይደፈንም፤ ብዙ ሰው የሚወጋው ያን ጊዜ ነው። እትዬ የሞላውን ሳጥን ማቃጠያ ላለው ጤና ጣቢያ ያስረክባሉ፤ ይህን ለማስፈቀድ ደብዳቤ ይዘው መመላለስ ነበረባቸው፣ ተሳካላቸው።

በዳይፐሩ ጉዳይ ብዙ ግቢ ይሳሳታል። ጓሮ በርሜል ውስጥ ይቃጠላል። እርጥብ ዳይፐር አይነድም፤ ይጨሳል። ትክክለኛ ማቃጠያ ከ800 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት፤ በርሜል ያንን አያልመውም፣ እርጥቡ ሲጨመርበት ጭራሽ ይወርዳል። ላስቲኩ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ዳዮክሲንን የመሰሉ መርዞች ይዞ ሳንባቸው የደከመ ሰዎች ወደተኙበት መስኮት ይገባል። የሚሻለው አሰልቺው መንገድ ነው፤ ዓይነ ምድሩን ሽንት ቤት ደፍቶ፣ ዳይፐሩን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ፣ በድርብ ከረጢት አስሮ፣ ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጦ፣ ማክሰኞና ዓርብን መጠበቅ። ተቅማጥ ወይም ሌላ ተላላፊ ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ ወደ ቢጫው።

ወደ አይጡ ልመለስ። አይጥ እርሳስ በምታስገባ ቀዳዳ፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነች፣ ያልፋል፤ አይጠ መጎጥ እጥፏን ይፈልጋል። በጎሮው ግቢ የበሮቹ ሥር በቆርቆሮ ተለብጧል፣ የቱቦ መግቢያው በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ ተደፍኗል። ጤፉ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ተለይቶ ተቀምጧል፤ መጥረጊያ ከኋላው እንዲያልፍ። የተረፈው እንጀራ ማታውኑ ይቆራረጥና ለድርቆሽ ይሰጣል፤ ሲደርቅ በክዳን ይዘጋል። ይህ ሁሉ የተሠራው በአናጢና በመጥረጊያ ነው።

በመርዝ ጊዜ ምን እንደነበር ሠራተኛዋ ነገረችኝ። አይጡ በልቶ ኮርኒስ ላይ ወጥቶ ሞተ። ሽታው ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ዝንቡ ከዚያ መጣ። ከዚህ የባሰም ሊሆን ይችል ነበር። በየመንገዱ ከሚሸጡት አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል፤ ሮዝ ቀለም የተነከረ ፍሬ ደግሞ ለመርሳት ሕመምተኛ ከረሜላ ነው። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 የተከለከለ ነው። ቢሆንም ገበያው ሞቅ እንዳለ አለ። የግድ መርጨት ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ድርጅት ተጠርቶ፣ የመድኃኒቱ ስም በጽሑፍ ተጠይቆ፣ ነዋሪዎቹ ከክፍሉ ወጥተው፣ ክፍሉ ተናፍሶ ነው። ሰውን በአልጋው ላይ አስተኝቶ ፍራሹ ዙሪያ የሚረጭ ተቋም እንዳለ ስሰማ ማመን አልፈለግሁም፤ የነገረችኝ ግን የረጨችው ራሷ ናት።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ የቦሌ ስለሆነ። የተበተነ ቆሻሻ አሞራና ጭልፊት ይጠራል፤ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ማዶ ደግሞ ይህ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል። የቆሻሻ ማስወገጃ ከአውሮፕላን ማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ የሚመከረው ለዚህ ነው። የቡልቡላና የገርጂ ጓሮ ገንዳዎች ግን በዚያ ክልል ውስጥ ናቸው።

ከግቢው ልወጣ ስል የእትዬ ስልክ ጠራ። በዓል ቀርቧል፤ አንድ ባለሀብት ለፋሲካ በሬ አርደው ሊያመጡ ነው። እትዬ መረቁ፣ ቤተሰባቸውን ጠየቁ፣ ከዚያ ደብተሩን ገለጡ።

«ጋሼ፣ ለፋሲካ ዕለት ሦስት ሰው አስቀድሞ አስመዝግቦልናል። ማቀዝቀዣችንም አንድ ነው። እርስዎ በሳምንቱ ማክሰኞ ቢያደርጉልን? ጠዋት፣ ከጋሪው በፊት።»

ከወዲያ በኩል ምን ጋሪ እንደሆነ ሲጠይቁ ተሰማኝ። እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡና ማስረዳት ጀመሩ።